መዝገቡ ውስጥ ያልገባችው ጠብታ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ሦስት ነገር አስረክብ ተባልኩ፤ የክፍሉን ቁልፍ፣ ነጩን ጋውንና የምድጃውን መዝገብ። ቁልፉንና ጋውኑን ሰጠሁ። መዝገቡን ግን «ቤት ረሳሁት፣ ነገ አመጣዋለሁ» ብዬ ዋሸሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የንብረት ክፍሏ ልጅ «ጋሼ፣ ችግር የለም፤ ደግሞ ያንን ማን ያነበዋል?» ብላ ሳቀች። እሷ ምን ታድርግ! የሚያነበው ሰው አለ። ስምንት ዓመት የኖርኩት ከዚያ ሰው ስሸሽ ነው።

ሙሉጌታ እባላለሁ። ጎንደር ላይ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠራሁ ስል ሰው ሁሉ የደም ምርመራ ይመስለዋል፤ ሰፈር ውስጥ ስንቱ ሽንቱን በጠርሙስ ይዞ መጥቶብኛል መሰላችሁ! እኔ ግን በያጅ ነኝ። ፒያሳ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቦዲ ስበይድ ነው ያደግኩት። በያጅ የሆነ ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። አሴቲሊኑን ለኩሰህ ኦክስጅኑን ሳትከፍት ከቆየህ እሳቱ ቢጫ ይሆንና ጥቁር ክር የመሰለ ጥላሸት አየር ላይ ይለቃል። ክሩ ቶሎ አይወድቅም፤ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል፣ ትከሻህ ላይ መጥቶ ያርፋል፣ ስትነካው ይጠፋል። ልጅ ሆኜ እፈራው ነበር። ከባዶ አየር ክር ሲፈተል ማየት ደስ አይልም። ያንን የመሰለ ነገር ሳበቅል ዕድሜዬን እንደምጨርስ ማን በነገረኝ!

የከተማው ኮሌጅ ለኬሚስትሪ ቤተ ሙከራው የጋዝ ቧንቧ ዘርጋልን ብሎ ለሁለት ሳምንት ወሰደኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቆየሁ። ደመወዙ የሚወራ አይደለም። የዕድገት ደብዳቤዬም ሁለት ጊዜ ጠፍቶ ሁለት ጊዜ ተገኝቷል፤ እሱን እንተወው። ያቆዩኝ አያ ይርጋ ናቸው፣ የክፍሉ ዋና ቴክኒሻን።

አያ ይርጋ የወለቃ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ጎረቤታቸው አንድ ቤተ እስራኤል ብረት ሠሪ ነበረ። አገሩ ሁሉ ማረሻውን ያሠራል፣ ከዚያ ደግሞ «ዓይኑ ክፉ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል» እያለ ይሸሸዋል። እሳቸው ግን ከወናፉ ሥር ቁጭ ብለው የጋለ ብረት ቀለም ማንበብ ከሱ ተማሩ። ሰውዬው ወደ እስራኤል ሲሄድ ጉጠቱን ሰጥቷቸዋል። የኛን ናሙና ከምድጃው የሚያወጡትም በዚያው ጉጠት ነበር። «ሰው ያልገባውን ሥራ ሲያይ ሠሪውን ይጠረጥራል፤ እኔ ከሰውዬው ላይ ከላብ በቀር ያየሁት ነገር የለም» ይሉኝ ነበር። ያኔ የቆየ ወሬ እየመሰለኝ በአንድ ጆሮዬ አሳልፈው ነበር።

ምድጃችን የተጋደመ ነው። ወገቡን እንደ ክንድ የሚረዝም፣ እሳት የማይበግረው የኳርትዝ መስታወት ቱቦ ያልፍበታል። በአንደኛው ጫፍ ጋዝ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ጋዙ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያልፍና አረፋ ይሠራል፤ አረፋውን ቆጥረህ ምን ያህል እንደሚሄድ ታውቃለህ። አያ ይርጋ ቫልቩን በጣታቸው ጫፍ እያባበሉ አረፋውን ወደ አንድ አመል ያመጡታል። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ፤ ዝም። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ፤ ዝም። «አሁን ሸጋ ነው» ይላሉ። ሌላ ሰው ሲሞክር እንዲያ አይመጣም። እኔ እንኳ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ሲበርድም ቴርሞሜትሩን አያምኑም ነበር። መዳፋቸውን ቱቦው ላይ ያሳርፉና አባታችን ሆይን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደግማሉ። ሳያቃጥላቸው ከጨረሱ ይከፈታል፣ ካቃጠላቸው ይጠበቃል። ግለቱ ሳይወጣ ከፍተህ አየር ከገባበት ያደገው ሁሉ ተቃጥሎ አመድ ነው የምታገኘው።

ከሁሉ በላይ ግን መዝገቡ። ሙቀት፣ ሰዓት፣ ጋዝ፣ የውጪው አየር ጭጋግ ነው ፀሐይ፤ ሁሉም ይጻፋል። በመጨረሻ ሁለት ዓምድ አለ፤ «ምን ተጨመረ» እና «ማን ገባ»። የጽዳት ሠራተኛ ብትገባ ትጻፋለች፣ ማንም ካልገባ «ማንም» ተብሎ ይጻፋል። አንዴ ሻይ ደፍቼ አልጻፍኩም። «ምነው ሙሉ፣ አፈርክ? ያፈርክበትንማ መጀመሪያ ጻፍ!» ብለው ብዕሩን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ማስተዋል የመጣች። የትክል ድንጋይ ገበሬ ልጅ፣ ለዶክትሬት ጥናቷ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነገር የማያልፋት ልጅ ናት። የመጀመሪያ ቀን የጥፍር ስፋት ያላት መስታወት መሳይ የሲሊከን ስባሪ አሳየችን፤ ላይዋ ላይ ዓይን የማያየው የብረት ቅንጣት ተነስንሶበታል።

«እያንዳንዷ ብረት ካርቦኑን ከጋዙ ትበላለች» አለችን። «ስትጠግብ በጠርዟ ታወጣዋለች። ክብ ሆኖ ስለሚወጣ ቱቦ ይሆናል፤ ከጸጉር ብዙ ሺህ ጊዜ የቀጠነ የካርቦን ቱቦ።»

«ስትጠግብ ስትይ?» አልኳት።

«ሻይ ላይ ስኳር ሲበዛ ምን ይሆናል፣ አያ ሙሉ? ከሥር ይቀር የለ።»

አያ ይርጋ ጉጠታቸውን እየወለወሉ «እና መቼ ነው የምትሞተው?» ብለው ጠየቁ።

«ብረቷ? ክፉ ጥላሸት ሲሸፍናት ነዋ። ትታፈናለች። ያኔ ቱቦው ማደጉን ያቆማል።»

የሷ ጥያቄ ስለ ግድግዳው ነበር። የቱቦው ግድግዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ አንዱ ባንዱ ላይ የተደራረበ ነው፤ ልጣጩ የእርሳስ እንብርት የተሠራበት ግራፋይት ነው። ሲወለድ ግን ጠማማ ነው፣ የተጨማደደ፣ ቀዳዳ ያለበት። መቼ ነው ቦታ ቦታውን ይዞ የሚስተካከለው? እያደገ ሳለ ነው ወይስ ካደገ በኋላ በሙቀት ብዛት? ይህን ለማወቅ አንዱን በሁለት ደቂቃ ታቋርጠዋለች፣ ሌላውን በአምስት፣ ሌላውን በአሥር። ናሙናው ውጭ አገር ትልቅ ማይክሮስኮፕ ያለበት ይላካል፣ ከወር በኋላ ፎቶ ይመጣል። የሚመጣው ሁሉ ድንክ፣ ጠማማ፣ የተጨማደደ። ጠማማዎቹን መልሰን አግለን ለማቅናት ሞከርን፤ ጥቂት ተቃኑ፣ ከዚያ በላይ እንዳንሄድ የምድጃችን ጉልበት አለቀ። ብረቶቿ በልጅነታቸው እየታፈኑ ነበር።

በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ አያ ይርጋ ሞቱ። ማታ ደህና እንደ ገቡ ጠዋት አልተነሱም። መዝገቡ ላይ የመጨረሻ ጽሑፋቸው «ማን ገባ፦ ማንም» ይላል።

ሐምሌ ላይ ነው ነገሩ የጀመረው። የጎንደርን የሐምሌ ጭጋግ ታውቁታላችሁ፤ በቀትር መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ግቢውን ይውጠዋል። ብቻዬን የቧንቧ ማጠበቂያ እየቀየርኩ ነበር። ከኋላዬ ቡልቅ አለ። ዘወር ስል ጠርሙሱ ነው። ቡልቅ፣ ቡልቅ። ከዚያ ዝም። ከዚያ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ዝም።

ቫልቩን አየሁት፤ ተዘግቷል። ሲሊንደሩን አየሁት፤ ተዘግቷል።  ራሴን ሳልቆጣጠር «አያ ይርጋ?» አልኩ። ጠርሙሱ ሦስት ጊዜ መለሰልኝ። በስመ አብ ብዬ ወጣሁ፣ ጃኬቴን እንኳ አላነሳሁም።

በማግስቱ ማስተዋልም ሰማችው። ፊቷ አመድ መሰለ። ግን ቶሎ ብላ «ምድጃው ሲበርድ ከቧንቧው ይስባል፤ ግፊት ነው» አለች።

«ምድጃው ከጠፋ ሁለት ቀኑ እኮ ነው።»

 ከዚያ ወረቀቷን ሰብስባ በጊዜ ወጣች።

ሦስት ቀን እንዲያ ሆነ። ሁልጊዜ በቀትር፣ ሁልጊዜ በሳቸው አመል። እህል አልወርድልህ አለኝ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ አውጣጥታ አውጣጥታ ሰማች፤ «ተዝካራቸው በወጉ አልወጣ ይሆን?» አለችና በትንሽ ፕላስቲክ ከቁስቋም ያመጣችውን ጠበል ሰጠችኝ። «ክፍሉን ርጭበት። ማንም አያይህ።»

ማንም አላየኝም። አራቱን ማዕዘን ረጨሁ። ድምፁ የሚመጣው ግን ከጠርሙሱ ነው፤ ክዳኑን ከፈትኩና «በስመ አብ» ብዬ አንድ፣ «ወወልድ» ብዬ ሁለት፣ «ወመንፈስ ቅዱስ» ብዬ ሦስት ጠብታ ጣልኩበት። ጠብታዎቹ ዘይቱን ሰንጥቀው ወርደው ሥሩ ላይ እንደ ጨሌ ተቀመጡ። ድምፁም ቆመ። ደስ አለኝ እንዴት እንደሆነ! ከዚያ መዝገቡን ገለጥኩ። ብዕሩን አንስቼ ብዙ ቆየሁ። የኬሚስትሪ ቤት ውስጥ ጠበል ረጨሁ ብዬ እንዴት ልጻፍ? «ምን ተጨመረ፦ ምንም። ማን ገባ፦ ማንም።»

በማግስቱ ጠዋት ማስተዋል ምድጃውን ለኮሰች። ሰባት መቶ ሃምሳ ዲግሪ። ጋዙ ሲገባ የአረፋው ድምፅ ወፈር ያለ መሰለኝ፤ ምንም አላልኩም። ሲበርድ በአያ ይርጋ ደንብ መዳፏን አሳርፋ አባታችን ሆይን ደገመች። ጉጠቱን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት።

እንዴት ልንገራችሁ። ጥቁር ነገር አይቻለሁ፣ ዕድሜዬ ከጥላሸት ጋር ነው። ይህ ግን ሌላ ነው። መብራቱን ሳስጠጋው መብራቱን ዋጠው። ዓይን የሚያርፍበት ፊት የለውም፤ ስባሪዋ ላይ ጉድጓድ የተቆፈረ ነው የሚመስለው። ጎንበስ ብላ በጎን ስታየው ጫካ ነበር፤ እንደ ተቆረጠ ጸጉር ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሩብ ጣት የሚሆን ቁመት ያለው። ስትተነፍስበት ጋደም ብሎ መልሶ ተነሳ። «እሰይ! እሰይ አያ ሙሉ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እኔ ግን ዓይኔን ወደ ጠርሙሱ መለስኩ። ያ ነገር የወጣው ከማን እጅ እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ፎቶው መጣ። ግድግዳው ከሥሩ ጀምሮ ቀጥ ያለ፣ ልጣጭ በልጣጭ። ብረቷ ስላልታፈነች ረጅም ዕድሜ ኖራ ካርቦኑን በእርጋታ ቦታ ቦታው አስቀምጣዋለች ማለት ነው። የማስተዋል ጥያቄ ተመለሰ፤ ግድግዳው የሚስተካከለው እያደገ ሳለ ነው። የክፍሉ ኃላፊ እንግዳ እያስከተለ ይመጣ ጀመር፤ ሁሉም ምድጃውን ያያል፣ ጠርሙሱን ያያል። እኔ ደግሞ ሥሩ ላይ የተቀመጡትን ሦስት ጠብታዎች አያለሁ። አንዱ «ይህ ምንድነው?» ቢል ምን ልል ነው? አንድ ቅዳሜ ብቻዬን ገባሁ። ጠርሙሱን አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ አዲስ ዘይት ጨመርኩበት። ንጹሕ አደረግኩት!

ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላደገም።

ደጋገምነው። ሌላ ብረት፣ ሌላ ጋዝ፣ ሌላ ስባሪ። ድንክና ጠማማ። የዶክትሬቷ ፈታኞች መጡና ዓይናችን እያየ ድገሚው አሏት። ፊታቸው ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስት ጊዜ ጥላሸት ወጣ። አንደኛው «ልጄ፣ ያቺ ናሙና ከሌላ ቦታ የመጣች ናት» አላት። ሌላው ወደኔ ዞረ። «ያን ዕለት የተለየ ነገር ነበር?»

መዝገቡን ገለጥኩ። ማስተዋል ዓይኔን ዓይኔን ታየኛለች።  ከዚያ በጠራ ድምፅ አነበብኩላቸው፤ «ምን ተጨመረ፦ ምንም። ማን ገባ፦ ማንም።»

ዲግሪው ቀረባት። በዚያው ሳምንት ሄደች። ግቢው ውስጥ «ድሮም ነገር አለባት፣ ፈጠራ ነው» ሲባል ሰማሁ። ሻይዬን እየጠጣሁ ሰማሁ። የወለቃውን ብረት ሠሪ ያኔ ነው ያስታወስኩት፤ አስታውሼም ዝም አልኩ።

ምነው ዝም አልክ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ ላይ በእውነት ውሃው መሆኑን አላውቅም። የጠበሉ ኃይል ነው፣ ወይም የሳቸው እጅ ነው እል ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ለፈታኝ አይነገርም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን አንድ አዲስ መምህር ሻይ ቤት ቁጭ ብለን እንዲሁ ሲያወጋ «ትንሽ የውሃ እንፋሎት ጋዙ ውስጥ ካለ ክፉውን ጥላሸት እየበላ ብረቷን ያኖራታል» አለኝ። ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ። ለካ ክረምት ክረምት ትንሽ ይሻለን የነበረው ከጭጋጉ የሚገባው እርጥበት ነው። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ዛሬ ነገ ስል ጡረታዬ ደረሰ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ባለፈው ወር ሚኒባስ ተሳፍሬ ትክል ድንጋይ ሄድኩ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ጠመኔ እጇ ላይ እንዳለ ከክፍል ወጣች። ሸበት ጣል አድርጎባታል።

«አያ ሙሉ! ምነው በደህናዎ?»

አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልን። መዝገቡን ጭኗ ላይ ገለጥኩላትና ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠበሉን፣ ጠርሙሱን፣ ቅዳሜ ያጠብኩትን፣ የመምህሩን ወሬ። ቀና ብዬ አላየኋትም። ጠመኔው እጇ ላይ ሲሰበር ሰማሁት።

«ስንት ጠብታ?» አለችኝ።

«ሦስት።»

«ከዘይቱ በላይ ነው የተቀመጡት በታች?»

«በታች። ሥሩ ላይ።»

አንገቷን ነቀነቀች። ከዚያ ድምጿ ተሰነጠቀ። «አባቴ ውሸታም ወለድኩ እንዳለ ሞተ። ገባዎት አያ ሙሉ? እንዳለ ሞተ!»  ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት በእጇ ከለከለችኝ። «ይቅርታውን ያቆዩት። ቅዳሜ እመጣለሁ። ምድጃውን ያስከፍቱልኝ።»

ያ መምህር አስከፈተልን። ጥሩወርቅ ጠበል ልስጥ ብላ ነበር፤ ማስተዋል «የለም እታለም፣ የቧንቧ ውሃ ነው የምፈልገው» አለቻት። ራሷ ቀዳች፣ ራሷ ሦስት ጠብታ ጣለች። ሰባት መቶ ሃምሳ ዲግሪ። ቫልቩን እኔ አባበልኩት። ቡልቅ፣ ቡልቅ፣ ቡልቅ፤ ዝም። ወፍራም ድምፅ።

እስኪበርድ ጠበቅን። ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ነበር። ጋዙን ዘጋሁ፣ ሲሊንደሩን ዘጋሁ። መዳፏን ቱቦው ላይ አሳረፈችና ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እስከ አሜን ደረሰች። በአያ ይርጋ ጉጠት ጎተተችው።

ጉድጓዱ እዚያ ነበር። ያው ጥቁር፣ ያው ጫካ።

እሰይ አላለችም። ስባሪዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቁማ ብቻ አየችው፤ እንባዋ በአገጯ ይወርዳል፣ አትጠርገውም። ከዚያ መዝገቡን የዛሬ ስምንት ዓመት ገጽ ላይ ገልጣ ብዕሩን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«በእጅዎ ይጻፉት።»

«ምንም» የሚለውን ሰርዤ «ጠበል፣ ሦስት ጠብታ» ብዬ ጻፍኩ። «ማንም» የሚለውን ሰርዤ «ሙሉጌታ» ብዬ ጻፍኩ። 

ያኔ ጠርሙሱ ቡልቅ አለ። ቡልቅ፣ ቡልቅ። ዝም። መምህሩ ወደ ቫልቩ ሄዶ ነካካውና እንደተዘጋ ነው ብሎ አየኝ።

ማስተዋል ቀና አላለችም። ጣቷን ከስሜ ሥር ባለው ባዶ መስመር ላይ አሳረፈች።

«እሳቸውንም ይጻፉ» አለችኝ።

ጻፍኳቸው።